ዚፕ ሲደረግ የሚያዘገየው ማን ነው? የዲስክ ንባብ ማነቆን ለይቶ ማወቂያ

አዳማ ውስጥ ፋይል መጭመቅ የዘወትር ሥራቸው የሆነ ቤቶች ብዙ ናቸው። ሞጆ ደረቅ ወደብ ቅርብ ነውና የትራንዚት ቢሮው ስካን ያደረገውን ዲክላራሲዮን፣ ኢንቮይስና ፓኪንግ ሊስት በየወሩ ጠቅልሎ ያስቀምጣል። ፎቶ ቤቱ የጥርን ሰርግ በኤክስተርናል ጭኖ በሚኒባስ ወደ አዲስ አበባ ይልካል። ሒሳብ ክፍሉ ማታ ከመውጣቱ በፊት የሒሳብ ፕሮግራሙን የፒችትሪን ፎልደር ዚፕ ያደርጋል። የሁሉም እሮሮ አንድ ነው፦ «ሁለት ሰዓት ቀረው ይላል፣ አይንቀሳቀስም።» የጎረቤት ምክርም አንድ ነው፦ «ሃርድ ዲስኩ አርጅቷል፣ ኤስኤስዲ አስገባበት።»

ምክሩ አንዳንዴ ልክ ይሆናል። ችግሩ ሳይለካ መሰጠቱ ነው። ትልልቅ ፋይሎችን በ«አልትራ»፣ ማለትም በከፍተኛው የጭመቃ ደረጃ፣ ለሚጨምቅ ሰው አዲስ ኤስኤስዲ (የሚዞር ሳህን የሌለው ፈጣን ዲስክ) ምንም ለውጥ ላያመጣለት ይችላል። ስልሳ ሺህ ትንንሽ ስካን ለሚጠቀልል ሰው ደግሞ የሚጠብቀውን ጊዜ አብዛኛውን ይቆርጥለታል። ሁለቱን ለመለየት ግማሽ ሰዓት የማይሞላ ልኬት ይበቃል፤ መሣሪያዎቹም ዊንዶውስ ውስጥ ያሉት ፕሮግራሞችና ነፃው መጭመቂያ ሰቨን ዚፕ ናቸው።

ማን ማንን እየጠበቀ ነው

ጭመቃ ቅብብል ነው። ምንጩ ዲስክ ያነባል፣ ፕሮሰሰሩ ይጨምቃል፣ መድረሻው ዲስክ ይጽፋል። ሦስቱ አብረው ስለሚሄዱ የሥራው ፍጥነት የዘገምተኛው ፍጥነት ነው። ስለዚህ የምንጩን ዲስክ ጥፋተኛ ማለት የሚቻለው ፕሮሰሰሩም መድረሻውም ሥራ ፈትተው ሲጠብቁት ብቻ ነው። ዲስኩ «100 በመቶ» ማሳየቱ ብቻውን አይበቃም።

ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭናችሁ ታስክ ማናጀርን ክፈቱ፤ «ፐርፎርማንስ» ውስጥ ግቡ። መጀመሪያ የሲፒዩውን ግራፍ በቀኝ ክሊክ ወደ «ሎጂካል ፕሮሰሰርስ» ቀይሩት። ይህን የሚዘል ሰው ይሳሳታል፤ ምክንያቱም ስምንት ትሬድ (የፕሮሰሰሩ የሥራ መስመር) ባለው ማሽን ላይ አንዱ ትሬድ ብቻውን ሙሉ በሙሉ ተወጥሮ ሳለ አጠቃላዩ ቁጥር 12 ወይም 13 በመቶ ብቻ ያሳያል። «ፕሮሰሰሩ እኮ ሥራ አልበዛበትም» የሚያሰኘው ይኸው ነው።

ቀጥሎ ዲስኩን ምረጡ። አራት ቁጥሮች ይታያሉ፦ ዲስኩ በሥራ ላይ የቆየበት ጊዜ በመቶኛ፣ አማካይ የምላሽ ጊዜ በሚሊሰከንድ፣ የንባብ ፍጥነትና የጽሕፈት ፍጥነት። ጭመቃውን አስጀምሩና አንድ ደቂቃ ያህል ታገሡ። የመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ራም ውስጥ ከቀረ ቅጂ ሊነበቡ ስለሚችሉ ያታልላሉ።

ዲስኩ ከ90 በመቶ በላይ ተይዞ ንባቡ 100 ሜጋባይት በሰከንድ አካባቢ ከሆነ ሃርድ ዲስኩ ጤነኛ ነው፤ አቅሙ እዚያው አልቋል። 100 በመቶ ተይዞ ንባቡ 3 ወይም 5 ሜጋባይት ብቻ ከሆነ ሄዱ፣ ማለትም የዲስኩ ማንበቢያ ጫፍ፣ ከፋይል ፋይል ሲዘል ጊዜው እያለቀ ነው፣ ወይም ዲስኩ ታሟል። የዲስኩ ቁጥር ዝቅ ብሎ ሁሉም ትሬዶች ጣሪያ ከነኩ ማነቆው ፕሮሰሰሩ ነው። የዲስኩ ቁጥር ዝቅ ብሎ አንድ ትሬድ ብቻ ከተወጠረ ጨማቂው ፕሮግራም በአንድ ትሬድ ብቻ የሚሠራ ነው። በቀኝ ክሊክ የሚገኘው የዊንዶውስ የራሱ ዚፕ እንዲህ ነው፤ ኤስኤስዲ ብታስገቡለትም ያው ነው።

የምላሽ ጊዜውን ለብቻው እዩት። ሰቨን ዚፕ ፋይሎችን በአብዛኛው አንድ በአንድ ስለሚያነብ ዲስኩ ላይ ረጅም ሰልፍ አይፈጥርም። ጤነኛ ሃርድ ዲስክ ከ10 እስከ 25 ሚሊሰከንድ ውስጥ ይመልሳል። ምላሹ ወደ መቶዎች ከወጣ ወይ ሌላ ፕሮግራም እዚያው ዲስክ ላይ ተሻምቷል፣ ወይ ዲስኩ እየደጋገመ ለማንበብ እየታገለ ነው።

ለኤንቪኤምኢ፣ ማለትም ለፈጣኑ የኤስኤስዲ ዓይነት፣ ግን መቶኛውን አትመኑ። ብዙ ጥያቄ ባንድ ጊዜ የሚያስተናግድ ስለሆነ «100 በመቶ» ማለት «ሥራ አላጣም» ማለት እንጂ «አቅሙ አልቋል» ማለት አይደለም።

ሦስቱን ለየብቻ መለካት

ታስክ ማናጀር ጥርጣሬውን ይሰጣል፤ ማረጋገጫው ግን እያንዳንዱን ክፍል ነጥሎ ማሠራት ነው። ከመጀመራችሁ በፊት ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርጉ። ዊንዶውስ አንዴ ያነበበውን ፋይል ባዶ ራም ውስጥ ስለሚያቆየው ሁለተኛው ንባብ ዲስኩን ሳይነካ ያልቃል፤ ከ5400 ዙር ሃርድ ዲስክ 900 ሜጋባይት በሰከንድ አገኘሁ የሚል ሰው የለካው ራሙን ነው። ሪስታርት ማድረግ ካልተቻለ ከራሙ የሚበልጥ ፎልደር ምረጡ፤ 8 ጊጋ ራም ካላችሁ 20 ጊጋ የሚሆን።

1. ንባብ ብቻ። ፎልደሩን በቀኝ ክሊክ፣ ዊንዶውስ 11 ከሆነ መጀመሪያ «ሾው ሞር ኦፕሽንስ»፣ ከዚያ «ሲአርሲ ኤስኤችኤ» በሚለው ሥር «ሲአርሲ-32»ን ምረጡ። ይህ ትእዛዝ እያንዳንዱን ፋይል ከጫፍ እስከ ጫፍ ያነባል፣ ትንሽ ስሌት ይሠራል፣ ምንም አይጽፍም። ስሌቱ በጣም ቀላል ስለሆነ መስኮቱ ላይ የምታዩት ፍጥነት በሃርድ ዲስክ ላይ የንባቡ ፍጥነት ራሱ ነው። እዚያው ዝርዝር ውስጥ ያለውን ኤስኤችኤ-256 አትምረጡ፤ በአሮጌ ፕሮሰሰር ላይ ስሌቱ ራሱ ማነቆ ይሆንና ልኬቱን ያበላሻል።

2. ጭመቃ ብቻ። ሰቨን ዚፕን ክፈቱ፣ «ቱልስ» ውስጥ «ቤንችማርክ»። ሙሉ በሙሉ ራም ውስጥ የሚሠራ ፈተና ነው፤ ዲስክ አይነካም። የትሬዱን ቁጥር በሥራ ጊዜ እንደምትጠቀሙበት አድርጉና «ኮምፕረሲንግ» ከሚለው ክፍል የፍጥነቱን ቁጥር ውሰዱ። በኪሎባይት ስለሚጻፍ ለሺህ አካፍሉት። የፈተናው ዳታ የእናንተ ዳታ ስላልሆነ ውጤቱ ግምት ነው፤ ግምቱ ግን 10 ሜጋባይትን ከ100 ለመለየት ይበቃል።

3. ጽሕፈት ሲጨመር። ያንኑ ፎልደር በ«ስቶር» ደረጃ፣ ማለትም ምንም ሳይጨመቅ፣ ወደ ታሰበው መድረሻ ጠቅልሉት። ከዚህ በፊትም ሪስታርት አትርሱ። ፍጥነቱ ከአንደኛው ፈተና ጋር ከተቀራረበ መድረሻው ንጹሕ ነው። በግማሽ ወይም ከዚያ በታች ከወረደ ማነቆው ጽሕፈቱ ነው፣ ወይም ደግሞ አንዱ ዲስክ አንባቢም ጸሐፊም ሆኗል።

ከሦስቱ ትንሹ ቁጥር መልሱ ነው። ለምሳሌ አንድ የሰርግ ቪዲዮ ፎልደር ላይ ንባቡ 95፣ ቤንችማርኩ 9፣ ስቶሩ 80 ሜጋባይት በሰከንድ ቢወጣ፣ ዲስኩ ከፕሮሰሰሩ አሥር እጥፍ ፈጣን ነው፤ ኤስኤስዲ መግዛት ብር ማባከን ነው። ንባቡ 5፣ ቤንችማርኩ 14፣ ስቶሩ 5 ቢሆን ደግሞ ዲስኩ ተይዟል፤ የጭመቃውን ደረጃ ዝቅ ማድረግ ምንም አይፈይድም።

ለችኩል ሰው አቋራጭም አለ። ከባዶው ራም ያነሰ፣ 2 ጊጋ የሚሆን ፎልደር ከሪስታርት በኋላ ዚፕ አድርጉና ሰዓቱን ያዙ። የወጣውን ዚፕ አጥፉና ያንኑ ወዲያው ድገሙት። ሁለተኛው ዙር በጣም ከፈጠነ ልዩነቱን የበላው ዲስኩ ነው። ሁለቱ እኩል ከሆኑ ዲስኩን ተዉት።

የተገኘው ቁጥር ብዙ ነው ወይስ ትንሽ?

የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ፣ 5400 ዙር በደቂቃ የሚዞረው፣ ትልቅ ፋይል ሲያነብ ከ80 እስከ 130 ሜጋባይት በሰከንድ ይሰጣል። የዴስክቶፑ 7200 ዙር ከ150 እስከ 200 ይደርሳል። የሳታ ኤስኤስዲ ከ500 እስከ 550፤ ሦስተኛ ትውልድ ኤንቪኤምኢ ወደ 3,500 ሊጠጋ ይችላል። ዩኤስቢ 2 ላይ የተሰካ ማንኛውም ዲስክ ግን፣ ምን ዓይነት ቢሆን፣ ከ30 እስከ 40 ሜጋባይት ላይ ይቆማል።

ሃርድ ዲስክ ሲሞላ ፍጥነቱ እንደሚወርድም አትርሱ። መጀመሪያ የሚሞላው ዳታው የሚጻፍበት የሚዞረው ሳህን ውጪኛ ጠርዝ ነው፤ ወደ መሐል ሲገባ በአንድ ዙር የሚነበበው ዳታ ስለሚያንስ ፍጥነቱ ወደ ግማሽ ይጠጋል። ባዶ ሳለ 110 ይሰጥ የነበረ ኤክስተርናል አሁን መጨረሻ የገባበትን ፎልደር በ60 ቢያነብ አልታመመም።

የትንንሽ ፋይል ጉዳይ

የዲስክ ንባብ እውነተኛ ማነቆ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ነው። የ5400 ዙር ዲስክ አንድ ዙር ለመዞር 11 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል፤ የሚፈለገው ቦታ ሄዱ ሥር እስኪደርስ በአማካይ የግማሽ ዙር፣ 5.6 ሚሊሰከንድ ይጠበቃል። ሄዱ ራሱ ከቦታ ቦታ ሲሄድ ሌላ 10 ሚሊሰከንድ አካባቢ ይወስዳል። በድምሩ አንድ ዝላይ ወደ 16 ሚሊሰከንድ ነው። አንድን ፋይል ለማንበብ ደግሞ ቢያንስ ሁለት ዝላይ ሊያስፈልግ ይችላል፦ አንዱ የፋይሉን መዝገብ ለማየት፣ ሌላው ዳታው ካለበት ለመድረስ።

አሁን የትራንዚት ቢሮውን ፎልደር አስቡ፦ 60,000 ስካን፣ እያንዳንዳቸው 150 ኪሎባይት፣ በጠቅላላው 9 ጊጋባይት። ፋይሎቹ አንድ ወጥ ሆነው በተርታ ቢቀመጡ ኖሮ በ100 ሜጋባይት ፍጥነት ዘጠና ሰከንድ ይበቃቸው ነበር። በዝላይ ሲሆን ግን 60,000 ጊዜ 32 ሚሊሰከንድ፣ 1,920 ሰከንድ፣ ማለትም 32 ደቂቃ። ፍጥነቱ 4.7 ሜጋባይት በሰከንድ ይሆናል። ታስክ ማናጀር ላይ «100 በመቶ፣ 4.7 ሜጋባይት» የሚታየው ለዚህ ነው፤ ዲስኩ ስላረጀ አይደለም፣ አዲስ ሃርድ ዲስክም ከዚህ የተሻለ ነገር አያደርግም። በዚህ ላይ አንድ ሰው «እስከዚያ ሌላውን ፎልደርም ዚፕ ላድርግ» ብሎ ሁለተኛ ጭመቃ እዚያው ዲስክ ላይ ካስጀመረ ሄዱ በሁለቱ መካከል ይመላለስና ሁለቱም አብረው ይዘገያሉ።

መፍትሔው ከሁለት አንዱ ነው። ትንንሽ ፋይሎቹ ከተወለዱ ጀምሮ ኤስኤስዲ ላይ ይኑሩ፤ ስካነሩ የሚያወጣበትን ፎልደር ወደ ኤስኤስዲ ማዞር የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ወይም ደግሞ ዓመቱን ጠብቆ ሳይሆን በየወሩ በስቶር ደረጃ ወደ አንድ ፋይል ጠቅልሉ፤ የዓመቱ ባክአፕ ጊዜ አሥራ ሁለት ትልልቅ ፋይል ይነበባል እንጂ ስልሳ ሺህ አይሆንም። «መጀመሪያ ሁሉንም ወደ ኤስኤስዲ ኮፒ ላድርግና ከዚያ ዚፕ አደርገዋለሁ» የሚል ብልሃት ግን ትርፍ የለውም፤ ኮፒው ራሱ ለስልሳ ሺው ፋይል ያንኑ ዝላይ ይዘላል። የሚጠቅመው ያንኑ ፎልደር ደጋግሞ ለሚጨምቅ ብቻ ነው።

አንድ ትልቅ ፋይል፣ ለምሳሌ ቀስ በቀስ ያደገ ዳታቤዝ ወይም በትንሽ በትንሹ የወረደ ፊልም፣ በ20 ሜጋባይት ከተነበበ ግን ፋይሉ ራሱ ሳህኑ ላይ ተበታትኗል። የዊንዶውሱ «ዲፍራግመንት ኤንድ ኦፕቲማይዝ ድራይቭስ» የመበታተኑን መቶኛ ያሳያል፤ ለሃርድ ዲስክ አንድ ሌሊት ማሠራት ይጠቅማል። ኤስኤስዲን ዲፍራግ አታድርጉ፤ የጽሕፈት ዕድሜውን መብላት ብቻ ነው።

ኬብልና ሶኬት

ንባቡ ከ30 እስከ 40 ሜጋባይት ላይ እንደ ጣሪያ ቀጥ ብሎ ከቆመ፣ ሌላ ምርመራ ውስጥ ሳትገቡ ኬብሉን እዩ። የኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ዩኤስቢ 3 ሶኬት ሰፊ ሆኖ ለሁለት የተከፈለ ነው፤ አንደኛው ክፍል ከድሮው የስልክ ቻርጀር ሶኬት ጋር አንድ ነው። የራሱ ኬብል የጠፋበት ሰው የስልክ ኬብል እዚያ ክፍል ላይ ይሰካና ይሠራለታል። ይሠራል፤ ግን በዩኤስቢ 2 ፍጥነት። 40 ጊጋ ፎልደር በ35 ሜጋባይት 19 ደቂቃ ይፈጃል፤ በትክክለኛው ኬብል በ110 ቢነበብ 6 ደቂቃ ነበር።

ኬብሉ ልክ ከሆነ የኮምፒውተሩን ቀዳዳ እዩ። ዩኤስቢ 3 ብዙ ጊዜ ውስጡ ሰማያዊ ነው፤ ላፕቶፕ ላይ ግን ጥቁር ሊሆን ስለሚችል ከቀለሙ ይልቅ ከጎኑ የተጻፈውን «ኤስኤስ» ምልክት ፈልጉ። ዴስክቶፕ ላይ የፊት ለፊቱን ትታችሁ ከኋላ፣ ማዘርቦርዱ ላይ በቀጥታ ሰኩ። የፊቱ ቀዳዳ በቀጭን ሽቦ የሚመጣ ስለሆነ ለዲስኩ የሚበቃ ኃይል ላያደርስ ይችላል፤ ምልክቱ ዲስኩ «ቀጭ ቀጭ» ማለቱ ወይም እየጠፋ መመለሱ ነው። ኃይል የሌለው ሃብ ላይ ሁለት ኤክስተርናል አንድ ላይ መሰካትም ያንኑ ያመጣል።

ያልተጋበዘው አንባቢ

ሪሶርስ ሞኒተርን በስሙ ፈልጋችሁ ክፈቱ፤ «ዲስክ» ውስጥ ግቡና በንባብ መጠን ደርድሩት። እያንዳንዱ ፕሮግራም የትኛውን ፋይል በስንት ሚሊሰከንድ ምላሽ እያነበበ እንደሆነ በስም ይታያል። ከሰቨን ዚፕ ጎን ለጎን ሦስት ነገሮች በብዛት ይገኛሉ።

አንደኛው የዊንዶውስ ዲፌንደር ነው፤ «አንቲማልዌር ሰርቪስ ኤክስኪዩተብል» በሚል ስም ይመጣል። እያንዳንዱ ፋይል ሲከፈት ስለሚፈትሸው ለስልሳ ሺህ ፋይል ስልሳ ሺህ ፍተሻ ነው፤ ሸክሙ ዲስኩም ፕሮሰሰሩም ላይ ያርፋል። ዲፌንደርን ጨርሶ ማጥፋት አያስፈልግም። «ቫይረስ ኤንድ ትሬት ፕሮቴክሽን» ውስጥ «ማኔጅ ሴቲንግስ»፣ ከታች «ኤክስክሉዥንስ» ላይ ያንን ፎልደር ብቻ ጨምሩና ሥራው ሲያልቅ አውጡት። ፎልደሩ ከደንበኛ ፍላሽ የመጣ ከሆነ መጀመሪያ ስካን ይደረግ፤ ፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ በሚዞርበት ከተማ ይህን መዝለል ያስከፍላል።

ሁለተኛው የፍለጋ ኢንዴክስና የዊንዶውስ አፕዴት ነው፤ ጠብቆ ማሳለፍ ይበቃል።

ሦስተኛው ይበልጥ አሳሳች ነው፦ ራም ሲሞላ ዊንዶውስ የሚጠቀምበት «ፔጅፋይል» የሚባል የሲስተም ፋይል በኃይል እየተነበበና እየተጻፈ ከታየ ዲስኩ ሳይሆን ራሙ ነው ያነሰው። ሰቨን ዚፕ የሚፈልገው ራም ከዲክሽነሪው (ተደጋጋሚ ነገር ለመፈለግ ራም ውስጥ ከሚይዘው ዳታ) መጠን በአሥር እጥፍ ገደማ ይበልጣል፤ ትሬዱ ሲበዛም ይጨምራል። ጭመቃውን ከማስጀመራችሁ በፊት መስኮቱ ራሱ ለመጭመቅ ስንት ሜጋባይት እንደሚወስድ ይጽፋል። 4 ጊጋ ራም ያለው ላፕቶፕ ላይ አልትራ መርጦ ዲስኩን መውቀስ በጣም የተለመደ ስሕተት ነው። ዲክሽነሪውን ወደ 16 ሜጋባይት አውርዱ፣ ትሬዱን በግማሽ ቀንሱ፣ «የዲስኩ ችግር» ይጠፋል።

ዲስኩ ታሞ ከሆነ

ምላሹ ከመቶ ሚሊሰከንድ በላይ ሆኖ፣ ንባቡ እየቆመ እየሄደ፣ ሌላ ፕሮግራምም ዲስኩን ሳይነካው ከሆነ የዲስክ ጤና የሚያሳየውን ክሪስታል ዲስክ ኢንፎን አስኪዱ። ሰማያዊ ጤና ነው፤ ቢጫ ማስጠንቀቂያ፤ ቀይ ክፉ። ከቀለሙ ይልቅ ግን አራት መስመሮችን አንብቡ። 05 የተተኩ ሴክተሮች (ዳታ የሚቀመጥባቸው የዲስኩ ትንንሽ ክፍሎች) ብዛት ነው። ሲ5 ለማንበብ ያስቸገሩና ፍርድ የሚጠብቁ ሴክተሮች፣ ሲ6 ደግሞ ፈጽሞ ያልተነበቡት ናቸው። ሲ7 በኬብል መንገድ ላይ የተበላሹ መልእክቶችን ይቆጥራል። ቁጥሮቹ እንደ ተጫነው ምርጫ በ16 ቤት አቆጣጠር ይጻፋሉ፤ መጨረሻው «10» ከሆነ 16 ማለት ነው።

ሲ5 ከዜሮ ካለፈ ጭመቃውን አቁሙ። ዲስኩ መጥፎ ሴክተር ላይ ሲደርስ ለብዙ ሰከንድ እየደጋገመ ይሞክራል፤ ሙሉ ፎልደር ማስጨመቅ የቀረችውን ዕድሜ ማሟጠጥ ነው። አስፈላጊዎቹን ፋይሎች ቅድሚያ ሰጥታችሁ ወደ ሌላ ዲስክ ኮፒ አድርጉ። ኮፒው ሳያልቅ የዊንዶውስ ዲስክ መመርመሪያ በሆነው ቼክዲስክ የሙሉ ዲስክ ጥገና አታስኪዱ፤ ሙሉውን ሳህን ስለሚያስፈትሽ የደከመውን ዲስክ ሊጨርሰው ይችላል። ሲ7 ብቻ እየጨመረ ከሆነ ግን ደስ ይበላችሁ፦ የሳታ ኬብሉን ቀይሩ ወይም ነቅላችሁ አጥብቃችሁ ሰኩ። የድሮው ቁጥር አይጠፋም፤ መጨመሩን ካቆመ ተፈውሷል።

ዊንዶውስ የመዘገባቸውን ስሕተቶች በሚያሳየው ኢቨንት ቪውወር ውስጥ፣ «ሲስተም» በሚለው መዝገብ፣ ከዲስክ የመጣ 7 ቁጥር መጥፎ ብሎክ ማለት ነው። 153 ደግሞ ንባቡ ተደግሞ መሞከሩን ይነግራል። 129 ዲስኩ ምላሽ ስላጣ ግንኙነቱ እንደገና መጀመሩን ያመለክታል። ጭመቃው ከቆመበት ደቂቃ ጋር ሰዓቱን አስተያዩት።

ሙቀትና መብራት

የአዳማ ሙቀትና አቧራ በመጀመሪያ የሚጎዳው ፕሮሰሰሩን ነው። ፋኑ በአቧራ የታፈነ ላፕቶፕ ጭመቃውን በጥሩ ፍጥነት ይጀምርና አምስት ደቂቃ ሳይሞላው ይደክማል። ታስክ ማናጀር ላይ የሲፒዩው ጊጋኸርዝ ከተጻፈለት መነሻ በታች ከወረደ ማነቆው ሙቀት ነው። ዲስኩንም ከ50 ዲግሪ በታች ያዙት፤ ኤክስተርናልን ላፕቶፑ ትኩስ አየር በሚያወጣበት በኩል አታስቀምጡ። መብራት ሄዶ ላፕቶፑ በባትሪ ሲቀጥልም ፕሮሰሰሩ ራሱን ይቆጥባል፤ ልኬት በባትሪ ላይ አይወሰድ።

መብራት ሲሄድ ሌላም ነገር አለ። የሰቨን ዚፕም ሆነ የዚፕ ፋይል ማውጫው የሚጻፈው መጨረሻ ላይ ነው። 95 በመቶ ላይ የተቋረጠ ጭመቃ እንደ ደንቡ አይከፈትም፤ ከዜሮ ይጀመራል። ዩፒኤስ የሌለው ዴስክቶፕ ላይ የሦስት ሰዓት አንድ ጭመቃ ከማስጀመር በወር በወር ከፋፍሎ ሃያ ሃያ ደቂቃ ማሠራት ይሻላል።

በውጤቱ መሠረት ማስተካከል

ማነቆው ፕሮሰሰሩ ከሆነ መጀመሪያ የሚጨመቀውን ነገር እዩ። ጄፔግ ፎቶ፣ ኤምፒ4 ቪዲዮና አብዛኛው ከስካነር የወጣ ፒዲኤፍ ድሮም የተጨመቀ ነው፤ አልትራ ሁለት ሰዓት ለፍቶ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ቢቀንስ ነው። ለሰርግ ፎልደር ስቶር ምረጡ፤ ዓላማው አንድ ፋይል ማድረግ እንጂ ማሳነስ አይደለም። የፒችትሪ ዳታ፣ የዳታቤዝ ፋይል፣ ጽሑፍ፣ ቢኤምፒና ያልተጨመቀ ቲፍ ግን በደንብ ይጨመቃሉ፤ ለእነሱ «ኖርማል» ይበቃል። ፒችትሪን ግን ሁሉም ተጠቃሚ ዘግቶ ከወጣ በኋላ ነው መጨመቅ፤ የተከፈተ ፋይል ወይ አይነበብም ወይ ግማሹ ይቀዳል።

ማነቆው ጽሕፈቱ ከሆነ መድረሻውን ወደ ሌላ ዲስክ አዙሩ። ሌላ ዲስክ ማለት ሌላ ዕቃ ማለት ነው፤ ሲ እና ዲ ተብሎ የተከፈለ አንድ ሃርድ ዲስክ አሁንም አንድ ሄድ ያለው አንድ ዲስክ ነው። ከዲ አንብቦ ሲ ላይ መጻፍ ሄዱን ከዳር ዳር ማስሮጥ ነው፣ እንዲያውም ይብሳል። ርካሽ ፍላሽ ላይ በቀጥታ መጻፍም እንዲሁ፤ ብዙዎቹ መጀመሪያ ፈጥነው ከጥቂት ጊጋ በኋላ ወደ 10 ሜጋባይትና ከዚያ በታች ይወርዳሉ። ዚፑን ኮምፒውተሩ ላይ ጨርሳችሁ ፍላሹ ላይ ኮፒ አድርጉት።

ማነቆው ንባቡ ሆኖ ዲስኩም ኬብሉም ጤነኛ ከሆኑ፣ ያኔ ኤስኤስዲ ግዙ። ለ2010 አካባቢ ላፕቶፕ እንኳ ይጠቅማል፦ የድሮው ሳታ 2 ከ300 ሜጋባይት በላይ ባያሳልፍም ዝላዩን ከ16 ሚሊሰከንድ ወደ አንድ አሥረኛ ሚሊሰከንድ ያወርደዋል፤ ለትንንሽ ፋይል ዋጋ ያለው ይኸኛው ቁጥር ነው።

ሊኑክስ ላይ የሚሠራ ሰው ያንኑ በ«ቶፕ» እና በ«አዮስታት» ያገኛል፤ ቶፕ ላይ የመጠበቅ መቶኛው ከፍ ብሎ የፕሮሰሰሩ ሥራ ዝቅ ካለ ዲስኩ ነው።

ማስተካከያው ካለቀ በኋላ ሪስታርት አድርጉና ያንኑ ፎልደር በሲአርሲ-32 ድገሙት። የወጣውን ቁጥር ከቀኑ ጋር በፕላስተር ላይ ጽፋችሁ ኤክስተርናሉ ጀርባ ላይ ለጥፉት፦ «ሰርግ ፎልደር፣ 108፣ ጥር 20»። በሚቀጥለው ጊዜ ዘገየ የሚል ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የሚነበበው እሱ ነው።